የሹፌሩ ሦስት ፎቶዎች

ዛሬ ዕዳ ልናዘዝ ነው የመጣሁት። ዕዳው የገንዘብ አይደለም፤ የገንዘብ ቢሆንማ ተበድሬም ቢሆን ከፍዬ በተገላገልሁ። የሦስት ፎቶግራፍ ዕዳ ነው። ባለፈው ወር አንዲት ሴት ስልክ ደወለችልኝ። «መምህር፣ ስለ አባቴ ፎቶዎች ልጠይቅዎት ነበር» አለች። የማን ልጅ እንደሆነች እስክትነግረኝ አልጠበቅሁም። ይህ ስልክ አንድ ቀን እንደሚደወል ሃያ ዓመት ያህል አውቅ ነበር።

ነገሩን ከሥሩ ላንሣው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ታሪኩ ግማሹ እዚያ ግማሹ እዚህ ስለሆነ በአንድ መቁጠሪያ ቢሄድ ይሻላል ብዬ ነው።)

ጊዜው 2004 ነው። ያኔ ሥነ ጽሑፍ አስተምር ነበር። የመንዝ ልጅ የሆነ አንድ ተማሪዬ ከክፍል በኋላ ጠብቆ «መምህር፣ አንድ ነገር ላሳይዎት» አለና አራት ኪሎ አካባቢ ወደሚገኝ ኢንተርኔት ቤት ወሰደኝ። የዚያን ዘመን ኢንተርኔት የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። ሂሳቡ በደቂቃ ነው፤ ገጹ የሚከፈተው ግን በደቂቃ አይደለም። ፎቶው ከላይ ወደ ታች እንደ መጋረጃ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። ኪስህ ቶሎ ካለቀ ሰማዩን ብቻ አይተህ ትወጣለህ። እኛ ታግሠን ጠበቅን። መጀመሪያ ግራጫ ሰማይ መጣ፤ ቀጥሎ ሁለት የቆሙ ጆሮዎች፤ ቀጥሎ ያ ረዘም ቀጠን ያለ አፍንጫ። ቀይ ቀበሮ ነው።

«ይሄ እኮ የሰፈሬ ነው!» አለ ልጁ። በልጅነቱ ጓሳ ላይ ከብት ሲጠብቅ በየቀኑ ያየው ነበር፤ በፎቶ ሲያየው ግን ያ ቀን የመጀመሪያው ነው። ከፎቶው ሥር የአንሺው ስም ተጽፏል። የፈረንጅ ስም። ልጁ ስሙን ትኩር ብሎ አየና «እኔ ስንት ዘመን ሳየው ማን ጠየቀኝ?» አለ። እየሳቀ ነበር ያለው። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ጥያቄው ግን ከዚያ በኋላ አልለቀቀኝም።

ያየነው ድረ ገጽ አርካይቭ ይባል ነበር። ስሙ የቃላት ጨዋታ ነው። «አርክ» በእንግሊዝኛ የኖኅ መርከብ ነው፤ «አርካይቭ» ደግሞ ቤተ መዛግብት። የመርከቧን ፊደላት በትልቁ ጽፈው የቀሩትን በትንሹ ያስከትሏቸዋል። የቃላት ዘር የሚቆጥር ሰው ሁለቱ ቃላት ዘመዳሞች አለመሆናቸውን ይነግራችኋል። አንዱ ከላቲን የመጣ ሣጥን ነው፣ ሌላው ከግሪክ የመጣ የሹም ጽሕፈት ቤት። ለእኔ ግን ጋብቻው ያምር ነበር፤ የሣጥንና የሹም ነገር ደግሞ ኋላ ላይ ይመጣል።

የሐሳቡ ባለቤት ክሪስቶፈር ፓርሰንስ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ብሪስቶል ከተማ የሚገኘውን የቢቢሲ የተፈጥሮ ታሪክ ክፍል በኃላፊነት የመራ፣ በ1979 የታየውን «ላይፍ ኦን ኧርዝ» የተባለ አሥራ ሦስት ክፍል ያለው ተከታታይ ፊልም በዋና አዘጋጅነት ያሠራ ሰው ነው። ዴቪድ አተንቦሮ በሩዋንዳ ተራራ ላይ በጎሪላዎች ተከቦ የሚታይበት ያ ዝነኛ ትዕይንት የዚህ ፊልም ነው። ፓርሰንስን ያሳሰበው ግን ፊልም መሥራቱ አልነበረም። የተሠራው የት ይቀመጣል የሚለው ነበር። የዱር እንስሳት ፊልምና ፎቶ በየጣቢያው ምድር ቤት፣ በየአንሺው ጣራ ሥር፣ በየካርቶኑ ተበታትኖ ይበላሻል። እንስሳው ከምድር ይጠፋል፤ ምስሉም ተከትሎት ይጠፋል። ሁለት ጊዜ ሞት ማለት ይሄ ነው።

ሥጋቱ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። ኳጋ የምትባል የደቡብ አፍሪካ የሜዳ አህያ ነበረች፤ ከአንገትዋ በላይ መስመር ያላት፣ ወደ ኋላዋ ቡናማ እየሆነች የምትሄድ። በሕይወት ሳለች ፎቶ የተነሣችው አንዲት ኳጋ ብቻ ናት፤ በለንደን የእንስሳት ማቆያ የነበረች ሴት። ከ1863 እስከ 1870 ባለው ጊዜ የተነሡ አምስት ፎቶዎች አሉ፤ ሌላ የለም። የመጨረሻዋ ኳጋ በአምስተርዳም የሞተችው ነሐሴ 12 ቀን 1883 ነው፤ የመጨረሻዋ መሆኗን ያን ቀን ያወቀ ሰው አልነበረም። የታዝማኒያውን ነብርም ውሰዱ። ነብር ይበሉት እንጂ ውሻ የሚመስል፣ ጀርባው ላይ መስመር ያለው፣ እንደ ካንጋሮ ልጁን በከረጢት የሚይዝ እንስሳ ነው። የመጨረሻው መስከረም 7 ቀን 1936 ሆባርት ከተማ በታጎረበት ሞተ። ስለ እሱ በፊልም የቀረው ሁሉ ቢሰበሰብ ሦስት ደቂቃ ያህል ነው። አስቡት፣ አንድ ሙሉ ዘር በሦስት ደቂቃ። ሻይ እስኪፈላ እንኳ አይበቃም።

እንግዲህ ፓርሰንስ መርከቡን ሊሠራ ተነሣ። ዋይልድስክሪን የተባለው የብሪስቶል የበጎ አድራጎት ድርጅት ሥራውን ያዘ፤ ከእንግሊዝ የሎተሪ ገቢ ገንዘብ ተገኘ፤ ሂውሌት ፓካርድ ኮምፒውተሩንና ማጠራቀሚያውን አገዘ። ፓርሰንስ ግን እንደ ሙሴ ሆነ፤ በኅዳር 2002 ሞተ። ድረ ገጹን በግንቦት 2003 የከፈተው የድሮ ባልደረባው አተንቦሮ ነው።

አሠራሩ ቀና ነበር። ለመጥፋት የተቃረበ እያንዳንዱ ዝርያ የራሱ ገጽ ይኖረዋል። በገጹ ላይ ፎቶ፣ ቪዲዮና በአዋቂ የተመረመረ ጽሑፍ ይቀመጣል። ምስሉን የሚሰጠው ሰው በነፃ ይሰጣል፣ የባለቤትነት መብቱ ግን አይነካበትም። ለሚያይ፣ ለሚያስተምርና ለሚማር ሁሉ ክፍት ነው። ለአሥራ አምስት ዓመት ተኩል ያህል ከ7,000 የሚበልጡ ፊልም ሠሪዎች፣ ፎቶ አንሺዎችና ሳይንቲስቶች ሰጡ። ከ16,000 በላይ ዝርያ፣ ከ100,000 በላይ ምስል ተሰበሰበ። ምስል ያልተገኘላቸውን ደግሞ ሥራተኞቹ እንደ ጠፋ ልጅ በየቦታው ያፈላልጉላቸው ነበር።

እኔም በጋለ ስሜት ጋዜጣ ላይ ጻፍሁ። 2005 ነው። «የኛን እንስሳት እኛው እናሳይ፤ ፎቶ ያላችሁ አምጡ፣ እኔ አልክላችኋለሁ» ብዬ ፎከርሁ። ማንም ይህን ሥልጣን አልሰጠኝም፤ አምድ ያለው ሰው እንዲህ ይቃጣዋል። ምላሽ መጣ። አንዱ የገዛ ውሻውን ፎቶ ላከ። ሌላው ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ የተነሣው አንበሳ ከፊት ለፊቱ ሦስት ልጆችና የልደት ኬክ ይዞ መጣ። ሦስተኛው ግን በእግራቸው ቢሮዬ ድረስ የመጡ ሽማግሌ ናቸው።

ሰባን ተሻግረዋል። ኮታቸው አሮጌ ነው፣ ግን የተተኮሰ። «ልጄ፣ ጋዜጣ ላይ የጻፍከው አንተ ነህ?» አሉኝ። አዎ አልኳቸውና ወንበር ስቤ አስቀመጥኳቸው። የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በሙሉ ከአዲስ አበባ አሰብ፣ ከአሰብ አዲስ አበባ። ከኪሳቸው ፖስታ አወጡ፤ ከፖስታው ውስጥ በላስቲክ የተጠቀለሉ ሦስት ጥቁርና ነጭ ፎቶዎች። አሰብ ላይ ከአንድ የግሪክ ነጋዴ በገዟት ኮዳክ ያነሷቸው ናቸው። ጀርባቸው ላይ በእርሳስ «ሰርዶ» ተብሎ ተጽፏል። ዓመቱን በቃል ነገሩኝ፤ «ሰርዶ ከመፍረሷ በፊት በነበረው ዓመት» አሉ። ሰርዶ የምትባለው የአፋር ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰችው በ1969 ነው። እንግዲህ ፎቶዎቹ የ1968 ናቸው ማለት ነው።

በፎቶዎቹ ላይ ያሉት የዱር አህዮች ናቸው። «አህያ ነው ብለው ሳቁብኝ» አሉ ሽማግሌው፤ «ለአህያ ፊልም ታቃጥላለህ ወይ እያሉ ረዳቶቹ ሁሉ ሲያሾፉብኝ ነው የኖሩት። እኔ ግን እግራቸውን አይቼ ነው።» እውነታቸውን ነው፤ የዱር አህያ እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር መስመር አለው። የሰው ልጅ ጭነት የሚሸከምለት አህያ ሁሉ ዘሩ የሚመዘዘው ከዚህ ከአፍሪካው የዱር አህያ ነው። ዛሬ በዱር የቀሩት፣ በኤርትራና በኢትዮጵያ በረሃ ያሉትን ደምሮ፣ ከጥቂት መቶ አይበልጡም።

ታዲያ ምን አደረግሁ? «ስካን አድርጌ እልካለሁ፣ ፎቶዎቹንም እመልሳለሁ» አልኩ። ሸኘኋቸው። ከዚያ ተቀምጬ ፎቶዎቹን አየሁ፤ እውነቱን ልናገር፣ አላማሩኝም። አንደኛው ከሩቅ ነው። ሁለተኛው ጥሩ ነው ግን አዝማሚያው ወደ ጎን ያዘነብላል። ሦስተኛው አቧራ ብቻ ነው። ያ ብሪስቶል ያለው ድረ ገጽ የዓለም ምርጥ አንሺዎች ሥራ የተደረደረበት ነው፤ እዚያ መካከል ይህን ልላክ? ያፍሩብናል አልኩ። ስንት ዓመት የተማሪ ግጥም ሳርም የኖርሁ ሰው ነኝ፤ እጄ ቀይ እስክሪብቶ ለምዷል። ፎቶዎቹን በአንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት መካከል አስቀመጥኳቸው። «አንድ ቀን» አልኩ።

ሽማግሌው ሁለት ጊዜ መጡ። በመጀመሪያው «በቅርቡ» አልኳቸው። በሁለተኛው ጊዜ ዝናብ ነበር፤ ኮታቸው ረጥቧል። «ደረሰ?» አሉኝ። እኔም «ደርሷል» አልኩ። እንዲህ በአንዲት ቃል ነው የዋሸሁት። ፊታቸው ሲበራ አየሁ፤ ያን ጊዜ ማረም እችል ነበር፤ አላረምኩም። በማግስቱ እልካለሁና ውሸቱ ውሸት አይሆንም ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማግስቱ አልመጣም። ዓመታት አለፉ፤ ማስተማሩን ተውኩ፣ ቤት ቀየርኩ፣ መጻሕፍቴን ግማሹን ሰጠሁ፣ ግማሹን ሸጥሁ። መዝገበ ቃላቱ ከየትኛው ግማሽ እንደነበረ አላውቅም።

እዚህ ላይ ስለ ራሴ ማውራቱን ለጊዜው ልተወው፤ ምክንያቱም በዚያው ዘመን ዓለም በሙሉ እኔ የተሳሳትሁትን ነገር እየተማረ ነበር።

ሕዝብን ለእንስሳት ቆጠራ መጥራት በኢንተርኔት የተጀመረ አይደለም። በ1900 የገና ዕለት ፍራንክ ቻፕማን የተባለ አሜሪካዊ የወፍ አዋቂ፣ ሰዎች በበዓሉ ወፍ በመግደል ከሚወዳደሩ ቢቆጥሩ አይሻልም ወይ ብሎ ጠየቀ። ያን ቀን 27 ሰዎች ወጡ። ቆጠራው እስከ ዛሬ በየገናው ይካሄዳል፤ ቆጣሪዎቹ ዛሬ በአሥር ሺዎች ናቸው። ካሜራ ሲረክስ ደግሞ ቆጠራው ወደ ፎቶ ተሻገረ። በ2010 በሰረንጌቲ አንዲት ተመራማሪ፣ እንስሳ ሲያልፍ በራሳቸው የሚያነሡ 225 ካሜራዎች በ1,125 ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ዘረጋች። ፎቶው እንደ ጎርፍ መጣ። እሷና ጓደኞቿ ዕድሜያቸውን በሙሉ ቢያዩት አይጨርሱትም። በታኅሣሥ 2012 ፎቶዎቹን ለሕዝብ በድረ ገጽ አቀረቡና «ይህ ምን እንስሳ ነው? ስንት ነው? ምን እያደረገ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከ28,000 በላይ ሰው መለሰ፤ ጡረተኛ፣ ተማሪ፣ የሌሊት ጥበቃ፣ ማን ያውቃል። 10.8 ሚሊዮን መልስ ተሰጠ። የአንዱ ሰው መልስ አይታመን ይሆናል፤ አንድን ፎቶ ብዙ ሰው አይቶት የብዙኃኑ ድምፅ ሲወሰድ ግን፣ ከሊቃውንቱ መልስ ጋር ሲመሳከር ከ96 በመቶ በላይ ልክ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ይህ አይደለም። የገረመኝ የፎቶዎቹ ዓይነት ነው። አብዛኛው ግማሽ ጅራት ነው፣ የቀንድ ጫፍ ነው፣ ካሜራውን የሚልስ ምላስ ነው፣ አቧራ ነው። አዎ፣ አቧራ! እኔ ለሹፌሩ ያፈርሁበት አቧራ። ማንም «አያምርም» ብሎ አልጣለውም። ቀንና ቦታ እስካለው ድረስ ለሚቆጥር ሰው ግማሽ ጅራትም ምስክር ነው።

አይናቹራሊስትም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው። በ2008 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ የሦስት ተማሪዎች የማስተርስ ሥራ ሆኖ የተጀመረ ነው። ማንም ሰው ያየውን ተክል ወይም እንስሳ አንሥቶ፣ ቀኑንና ቦታውን ይዞ ይለጥፋል፤ ሌሎች ምንነቱን ይለያሉ፤ የሚስማሙት ከሁለት ሦስተኛው ካለፉ ለምርምር የሚበቃ ይባላል። ዛሬ ከመቶ ሚሊዮን በላይ ምዝገባ አለው። ልዩነቱን ልብ በሉ። አርካይቭ ግብዣ ነበር፤ ባለ ጥሪ ካርድ፣ ባለ ምርጥ ልብስ። ይሄኛው ድግስ ነው፤ ያለ ጥሪ የሚገባበት። የመጀመሪያው ሣጥን በሹም ቁልፍ ይከፈታል፣ የሁለተኛው ሣጥን ክዳን የለውም። እኔ የግብዣውን ውበት አልክድም፤ የዚያን ቀበሮ ፎቶ የመሰለ ነገር ዛሬም አላየሁም። ሆኖም አሥራ ስድስት ሺህ ዝርያ በምርጥ አንሺ ብቻ ይነሣል ማለት ዘበት ነው።

ዕድል ካላቸው የደበዘዙ ምስሎች አንዱን ላንሣ። በ2020 የአውስትራሊያ ብሔራዊ የፊልምና የድምፅ ቤተ መዛግብት አንድ የተረሳ ፊልም ይፋ አደረገ። በ1935 ለጎብኝዎች የተሠራ ስለ ታዝማኒያ ውበት የሚያወራ ፊልም ነው። በመካከሉ 21 ሰከንድ ብቻ ያ መስመር ያለው እንስሳ በሽቦ አጥር ውስጥ ይታያል። ለመታወቂያ ሳይሆን ለማስጎብኛ የተነሣ ነው። ሰማንያ አምስት ዓመት ማንም ልብ አላለውም፤ ዛሬ ከዚያ ከሦስቱ ደቂቃ ውስጥ ተቆጥሯል።

ከእኛም አገር ምሳሌ አላጣም። በ1990 ከኬምብሪጅ የመጡ አጥኚዎች በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክ መንገድ ላይ የሞተ ወፍ አገኙ። ፈረንጆቹ ናይትጃር የሚሏት ዓይነት ናት፤ ማታ ማታ የምትበር፣ ቀን ደግሞ መሬት ላይ ተኝታ ደረቅ ቅጠል የምትመስል። («የሌሊት ወፍ» እንዳልላት ስሙ በሌላ ተይዟል።) ሬሳዋ ተበላሽቶ ስለነበር አንድ ክንፏን ብቻ ይዘው ሄዱ። ክንፉን ከሌሎች ጋር ቢያስተያዩት የሚመስለው ጠፋ። በ1995 አዲስ ዝርያ ተብላ ስም ወጣላት። የሳይንስ ስሟ «ሶላላ» ነው፤ በላቲን ብቸኛ ክንፍ ማለት። አንድ የቀኝ ወይ የግራ ክንፍ በእንግሊዝ ሙዚየም መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ለአንድ ዘር በሙሉ ይመሰክራል። በ2009 ፍለጋ የሄዱ ወፍ ተመልካቾች አየናት ብለዋል። እኔ ግን የማስበው ያን ሜዳ ሌት ተቀን የሚያውቁትን ነው፤ እረኛውን፣ ዓሣ አጥማጁን፣ የማታ ሹፌሩን። በመብራት ፊት ብድግ ብላ ስትሄድ ስንቴ አይተዋት ይሆን? የመንዙ ልጅ እንዳለው፣ ማን ጠየቃቸው?

እርግጥ ክዳን የሌለው ሣጥን ጣጣ አለው። ፎቶ ቦታውን ይናገራልና አዳኝም ያነብበዋል። ስለዚህ አይናቹራሊስት ለመጥፋት የተቃረቡ እንስሳትን ትክክለኛ ሥፍራ ሆን ብሎ በኪሎ ሜትሮች አዛብቶ ነው ለሕዝብ የሚያሳየው። ያ የመንዙ ተማሪዬ ዛሬ አገሩ መምህር ነው፤ በስልኩ ብዙ ቀበሮ አንሥቷል። ላከው ስለው «ይቆይ መምህር» ይላል። ይህን እንኳ ቢያውቅም አያምንም። አልፈርድበትም። ጓሳን የአካባቢው ሕዝብ በራሱ ሕግ ለዘመናት ሲጠብቀው የኖረው፣ ሣሩ እስኪደርስ ማንም እንዳይገባ እየከለከለ ነው። መዝጋት የሚያውቅ ሕዝብ ልጅ ነው። ደግሞ ፎቶ ቀበሮ አያድንም፤ አርካይቭ በተከፈተበት በዚያው በ2003 ባሌ ላይ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ፈጅቷቸዋል። ያኔ የደረሱላቸው በፈረስ እየዞሩ ቀን በቀን የሚቆጥሯቸው የአካባቢው ሰዎችና ክትባት የያዙ ሐኪሞች ናቸው። በዚህ ነገር ተማሪዬና እኔ እስከ ዛሬ እንከራከራለን።

አርካይቭስ? በየካቲት 15 ቀን 2019 ተዘጋ። ገንዘብ አለቀ። ማስቀመጥም ወጪ ነው፤ ከመሰብሰብ ይልቅ ለማስቀመጥ ለጋሽ አይገኝም። ምስሎቹ አልተቃጠሉም፤ ከኢንተርኔት ውጭ ተቀምጠዋል። ፓርሰንስ ከየምድር ቤቱ ሊያወጣቸው የደከመባቸው ምስሎች ተመልሰው ወደ ምድር ቤት ገቡ።

አሁን ወደ ስልኩ ልመለስ። አባትየው ካረፉ ስምንት ዓመት ሆኗቸዋል። «አባባ ለሰው ሁሉ ያወራ ነበር» አለችኝ ልጃቸው፤ «'የኔ ፎቶ እንግሊዝ አገር ኮምፒውተር ላይ አለ' ይላል። ለልጆቼ ላሳያቸው ብዬ ስፈልግ ድረ ገጹ የለም። ምናልባት እርስዎ ኮፒው ካለዎት ብዬ ነው።»

ሰይጣን እንዴት አዋቂ እንደሆነ እዩ። አፌ ላይ ያመጣልኝ መልስ ቃል በቃል እውነት ነበር፦ «እህቴ፣ ድረ ገጹ በ2019 ተዘግቷል፤ ምስሎቹን አሁን ማየት አይቻልም።» በዚህ ብቻ ነገሩ ባለቀ ነበር። እሷም ታመሰግነኝ ነበር። ለጥቂት ጊዜ ዝም አልኩ። ዝምታው ረዝሞባት «ሃሎ?» አለች። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት። እንዳልላክሁ፣ እንደዋሸሁ፣ መጽሐፉም እንደጠፋ። እንድትቆጣ ጠበቅሁ። አልተቆጣችም፤ ባትቆጣ ይብስ ነበር። ዝም ብላ ቆየችና «እሺ፣ ምን ነበር ፎቶው ላይ ያለው? እኛ እኮ አይተነው አናውቅም» አለች።

የማስታውሰውን ነገርኳት፤ ለሌላ ምስክር እንዲሆን እዚህም እጽፈዋለሁ። ሰርዶ አጠገብ፣ 1968። በመጀመሪያው ፎቶ አራት የዱር አህዮች ከሩቅ በአንድ መስመር ቆመዋል፤ ከኋላቸው ጥቁር ድንጋያማ ኮረብታ አለ። በሁለተኛው ሁለት ናቸው፣ ቀረብ ብለዋል፤ የፊተኛዋ ራሷን ወደ መኪናው አዙራለች፣ የእግሮቿ መስመሮች ከጉልበቷ በላይ ድረስ ይታያሉ፤ ከኋላዋ ያለው ግልገል ይመስለኛል። በቀኝ በኩል፣ ጥግ ላይ፣ ዱላውን ትከሻው ላይ ያጋደመ የአፋር ልጅ አለ፤ እሱ የሚያየው አህዮቹን አይደለም፣ ካሜራውን ነው። ሦስተኛው አቧራ ነው። ከአቧራው ውስጥ በግራ በኩል አንድ ጆሮ ይታያል።